ከበጉ ጋር የተመዘነው ፊልም

እኛ ከተማ ታሪክ የሚለካው በሚዛን ነው። ሌላ አገር በምን እንደሚለካ አላውቅም፤ ከከተማችን ወጥቼ አላውቅምና። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲያልቅ ትወጣላችሁ እየተባልን ነው ያደግነው።

ሚዛኑ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ሁለት ትልልቅ ሳህኖች አሉት፤ አንደኛው ላይ የከተማው በግ ይተኛል። ቀልድ አይደለም፣ በግ ነው፤ ነጭ ሙክት፣ ጆሮው ላይ የማዘጋጃ ቤት ማህተም ያለበት። ቤትህ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ከተባልክ "ቤቴ ታሪክ አለው" ትላለህ። ታሪክህን ተሸክመህ ትመጣና ሌላኛው ሳህን ላይ ታስቀምጣለህ። ታሪክህ ከበጉ ከከበደ ቤትህ ተረፈ። ካልከበደ ታሪክህን ይዘህ ትመለሳለህ፤ የምትመለስበት ቤት ግን የለም።

አንድ ደንብ ደግሞ አለ። ታሪኩ የተገዛ መሆን አለበት። የራስህን ታሪክ ራስህ ካወራኸው ጉራ ነው፤ ከሌላ ሰው ከገዛኸው ግን ታሪክ ነው። አንድ ሀብታም የአያቱን ምስል ከሰዓሊ ገዝቶ የብረት ፍሬም አሠራለት፤ ጎረምሶች እየተንገዳገዱ ተሸክመውት መጡ፤ በጉ ወደ ሰማይ ወጣ። የጎረቤቱ አያት ከተማዋን የቆረቆሩ ሰው ነበሩ ይባላል። ጎረቤቱ ግን በወሬ ብቻ ነው የመጣው። አሁን ሳሎኑ በነበረበት መኪና ያልፋል።

በጉን ማዘጋጃ ቤቱ ይቀልበዋል። በየዓመቱ ስለሚወፍር ታሪክም በየዓመቱ መክበድ አለበት። አምና ያለፈ ታሪክ ዘንድሮ ይወድቃል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በጉም ሳያውቅ አይቀርም፤ አስተያየቱ እንደዚያ ነው።

እኔ ስመኝ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሰንፌ እንዳይመስላችሁ፤ ስድስተኛ ክፍል የምንማርበት ቤት መንገድ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ መንገድ አቅኚ የወጠረው ገመድ በጥቁር ሰሌዳው መሀል አለፈ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከመንገዱ ማዶ እስከ ዛሬ አሉ። ስድስተኛን ሳያልፍ ሰባተኛ የሚገባ ስለሌለ መምህራኑ ባዶ ክፍል ያስተምራሉ። ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ይሰማናል። አንዳንዴ ስታዝኑላቸው "አቤት" ማለት ያምራችኋል።

የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ትርንጎ ትባላለች፤ ከተማው በሙሉ እትዬ ትርንጎ ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። አረንጓዴ በር ያለው ጌም ቤት አላት። ታሪኩ ሁሉ የመጣው ከዚህ በር ነው።

እትዬ ማሽኑን ስታመጣ ጆይስቲኩ አንድ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ሰፈር ሙሉ። አሰበችበትና አንዱን ጆይስቲክ ለሁለት ልጆች ሰጠች። አንደኛው የግራውን ጎን ይዞ ያስኬዳል፤ ሌላው የቀኙን ጎን ይዞ ያዘልላል። የሚያስኬደው ባለእግር፣ የሚያዘልለው ባለእጅ ተባለ። በኋላ ሌሎች ጆይስቲኮች ተገዙ፤ ግን ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ብቻውን መጫወት የሚችል ሰው ጠፍቶ ነበር። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ወይ ባለእግር ነው ወይ ባለእጅ። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ልጃችሁ ምንድነው?" ነው። ሁለት ባለእግሮች ከተጋቡ እቤታቸው ሰው አይገኝም። ሁለት ባለእጆች ከተጋቡ ደግሞ የሚወጣ የለም፤ ተቀምጠው ዕቃ ይጠግናሉ።

ጨዋታው ጃንጥላ የያዘ ትንሽ ሰውዬ አገር አቋርጦ የሚሄድበት ነው። መጨረሻው ላይ ገደል አለ። ገደሉን የተሻገረ የለም። ማዶ ምን እንዳለ ብዙ ይወራል፤ ሰርግ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላ ገደል ነው የሚሉም አሉ።

ሊሻገሩት የደረሱ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ደምስ ባለእግር፣ ቢተው ባለእጅ። አንድ ጆይስቲክ፣ አንድ ዱካ፣ አንድ ሳህን ነበር የሚጋሩት ይባላል። ልክ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። እትዬ ግድግዳው ላይ "ስክሪን የሚጠፋው አጥፊ ሲኖር ነው" ብላ ጽፋለች። ስለዚህ አጥፊ ተፈለገ፤ ጆይስቲኩን የያዘ ደግሞ ከሁለቱ ሌላ አልነበረም። ደምስ "ጨምቀህ ገደልከው!" አለ። ቢተው "ጠምዝዘህ ገደልከው!" አለ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ተወልጄ፣ አድጌ፣ ትምህርት ጀምሬ፣ ክፍሌ መንገድ ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ አልተነጋገሩም።

ደምስ አሁን አቶ ደምስ ናቸው፤ መንገድ አቅኚው። "እኔ ጠምዝዤ አላውቅም" ብለው ነው ሥራውን የያዙት ይባላል፤ ገመዳቸው እውነትም ተጠማዝዞ አያውቅም። ቢተው አቶ ቢተው ናቸው፤ ታሪክ መዛኙ። እሳቸው ደግሞ ሚዛኑን በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚነኩት፤ ጨመቀ እንዳይባሉ። አንዱ መዝኖ ሌላው ካላጸደቀ ውሳኔ ስለማይጸና በየገበያው ቀን ጎን ለጎን ይቆማሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ለችግራቸው ደንብ አውጥቶላቸዋል፤ አጠገባቸው የተገኘ ሰው የአንዱን ቃል ለሌላው ያሻግራል። እምቢ ማለት አይቻልም። አንድ ሰውዬ ቲማቲም ሊሸጥ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ቃል ሲያሻግር ዋለ፤ ቲማቲሙን በጉ በላው።

ይኸው እንግዲህ ከተማችን። አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ገመድ አንገቴ ላይ አረፈ። በአረንጓዴው በር ገብቶ፣ በቴሌቪዥኖቹ መሀል አልፎ፣ በጓሮ ወጥቷል። በገመዱ ጫፍ አቶ ደምስ ቆመዋል።

"እትዬ ትርንጎ፣ እንደምን አደሩ?"

"ይመስገን። ይሄ ምንድነው?"

"መንገድ ነው።"

"ገመድ ነው እንጂ።"

"ለጊዜው ገመድ ነው። የሚመጣው ገበያ ሲያልፍ መንገድ ይሆናል።"

"እኔስ ምን ልሆን ነው?"

አቶ ደምስ አሰቡ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። "እርስዎ መንገድ ዳር ይሆናሉ" አሏት።

"ትንሽ ዘወር ብታደርገውስ?"

"ዘወር ያለ እንደሆነማ መንገድ መሆኑ ቀረ፤ ሽርሽር ነው።"

"ቤቴ ታሪክ አለው!" አለች እትዬ።

"እንግዲህ ከበጉ ጋር ይነጋገሩ" ብለው ሄዱ። ሲወጡ ግን አየኋቸው፤ በጥጉ ያለውን አሮጌ ማሽን ሳይነኩ ማለፍ አቅቷቸው በጣታቸው አቧራውን ጠረጉለት።

እትዬ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ቤት የላትም፤ እኔም የለኝም። የተገዛ ታሪክ ደግሞ ከየት ይምጣ? ያን ጊዜ ነው ስልኬ ላይ ያየሁት ነገር ትዝ ያለኝ። የቪዲዮ ጌምን ታሪክ የሚተርክ አንድ ዶክመንተሪ አለ፤ ማስታወቂያው በነፃ ነው የሚታየው። እዚያ ውስጥ ለዓይን ጥቅሻ ያህል አንድ አረንጓዴ በር ብልጭ ትላለች። ይህች የማን በር ናት እያልኩ ሳሰላስል ነበር የከረምኩት።

"እትዬ፣ ፊልም አንሥተውሽ ያውቃሉ?"

"አንድ ጊዜ ፀጉሯ የበቆሎ ጢም የመሰለ ሴት ካሜራ ይዛ መጥታ ነበር። ፎቶ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ስቆምላት ዋልኩ። ለካ እሷ የምትፈልገው ስንቀሳቀስ ነው።"

"ቤትሽ ታሪክ ውስጥ ገብቷል!"

"የት?"

"ሱቅ ውስጥ። እንገዛዋለን።"

ሱቁ ስልክ ውስጥ ነው። በር የለውም፣ ባለሱቅ የለውም፣ "ቀንስ" የሚባል ሰው የለውም። እትዬ ገና ሳይጀመር ተቀየመችው።

"ሰላም የማይል ሱቅ!"

"ይላል እኮ። 'እንኳን ደህና መጡ' ብሏል።"

"ለማን ነው ያለው?"

"ለሁሉም።"

"ለሁሉም ከሆነ ለእኔ አይደለም።"

ከገበያ የሚፋቅ የስጦታ ካርድ ገዛን። እትዬ በማንኪያ ፋቀችው፤ አጥብቃ ስትፍቀው አንዱ ቁጥር አብሮ ሄደ። ቁጥሩን እየቀያየርን ስንገምት ቆይተን ገባልን። ከዚያ "አገርዎን ይምረጡ" አለ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድኩት፤ የእኛ የለም።

"በደንብ እዪ። በሌላ ስማችን አስገብተውን ይሆናል።"

"ሌላ ስም አለን እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ጠላት ያወጣልን አይጠፋም።"

እንደገና ወረድኩት። የለንም። ሰው የማይኖርባት፣ ወፍ ብቻ ያለባት ደሴት ግን አለች።

"ወፎቹ ፊልም ይገዛሉ?" አለች እትዬ።

"ተጽፈዋልና ሳይገዙ አይቀሩም።"

"በይ ወፎች ነን በያቸው።"

ወፎች ነን አልኩ። ሱቁ ምንም አልመሰለውም። ቀጥሎ ረጅም ጽሑፍ አመጣና ከታቹ "ተስማምቻለሁ" የሚል ምልክት አስቀመጠ። እኔ ልጫነው ስል እትዬ እጄን ያዘችኝ። ያልሰማችውን ነገር ተስማምታ አታውቅም፤ አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት።

"'ይህን ፊልም ሲገዙ ፊልሙን አይገዙም።'"

"ምን አልሽ?"

"'የሚገዙት የማየት ፈቃድ ብቻ ነው። ሱቁ በፈለገ ጊዜ ፊልሙን ሊያነሳ ይችላል።'"

"ሸጦ መልሶ ይወስዳል? ይሄ ሱቅ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?"

ለበዓል የሰጠኋት ሻርፕ እኔው አንገት ላይ ስለነበረ ነው። ማንበቤን ቀጠልኩ።

"'ከተስማሙ እዚህ ይጫኑ።'"

"ካልተስማማንስ?"

"ለእሱ የሚጫን የለም።"

"እንግዲያው ተስማምተናል። ግን ቅር ብሎኝ መሆኑን ጻፊላቸው።"

"የሚጻፍበትም የለም እትዬ።"

"ወይ ጉድ" አለችና ራሷ ተጫነችው። "ገዝተዋል! እናመሰግናለን፣ ውድ የደሴታችን ነዋሪ" አለን።

ዶክመንተሪው ረጅም ነው። መጀመሪያ መነጽር ያደረጉ ሰዎች መደርደሪያ ተደግፈው በየተራ "ያኔ ማንም አላመነንም" ይላሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ እሱንም ማንም አላመነውም።

"እነዚህን ሁሉ ያላመነው ሰውዬ ማነው?" አለች እትዬ። "ለምን እሱን አምጥተው አይጠይቁትም?"

ቀጥሎ የአንድ ድርጅት መክሰር በጣም በሚያሳዝን ሙዚቃ ተተረከ። እትዬ ለቅሶ ቤት እንደገባች ሁሉ ከንፈሯን መጠጠች። ልታንቀላፋ ስትል አረንጓዴው በር መጣ። ከዚያ የእኛ ቤት ውስጡ። ግድግዳው፣ ጽሑፉ፣ ዱካዎቹ። ተራኪው "በዚህች ስሟ በማይታወቅ ከተማ ሁለት ልጆች አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ" አለ። እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሁለት ልጆች ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው በአንድ ጆይስቲክ ላይ ተደፍተዋል። አንዱ ሲያዘነብል ሌላውም ያዘነብላል። እትዬ ሹክ አለች፤ "ደምስና ቢተው ናቸው።" ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ ይሮጣል። ገደሉ መጣ። ልክ በዚያች ቅጽበት በፊልሙ ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ አንድ እግር ቀስ ብሎ ይገባል። አውራ ጣቱ በጫማው ቀዳዳ ብቅ ብሏል። የሶኬቱ ሽቦ ላይ ያርፋል። ሳብ ያደርጋል። ስክሪኑ ድርግም። ሁለቱ ልጆች ዞረው ይተያያሉ።

መልሼ አየሁት። አሁንም መልሼ አየሁት።

"እትዬ፣ ይሄ እግር የማነው?"

"ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ኮንጎ ነበር የሚያደርገው።"

"እትዬ!"

"ሽሮዬ ገንፍላ ነበራ!" አለች በቁጣ፣ እኔ ያገነፈልኳት ይመስል። "ሂዱ ብላቸው የሚሰሙኝ መሰለሽ? ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማባርራቸው። ጽሑፉንም ለዚያ ነው የጻፍኩት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ለየብቻ መጡ። ከዚያ ጢም አበቀሉ። ከዚያ ሹም ሆኑ። ሹም የሆነን ሰው 'ዕድሜህን ሙሉ የተጣላኸው በሽሮ ነው' ይሉታል?" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ቢያውቁ ቤቴን በገመድ አይደለም፣ በእጃቸው ነው የሚያፈርሱት።"

ከዚያ ተጽናናን። ምክንያቱም ሚዛኑ ከቆመ ጀምሮ ታሪክ ይመዘናል እንጂ ማንም ገልጦ አይቶት አያውቅም።

የገበያ ቀን ወረፋችን ሲደርስ ስልኬን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። በጉ ማመንዠኩን አላቋረጠም። አቶ ቢተው በሁለት ጣት ሳህኑን ነካ አድርገው አዩ። አቶ ደምስ በክንድ ርቀት ላይ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አጠገባቸው የተገኘሁት ሰው እኔ ነበርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ 'በጉ አልተነሳም' በያቸው" አሉኝ አቶ ቢተው።

"አቶ ደምስ፣ አቶ ቢተው 'በጉ አልተነሳም' ይላሉ።"

"'ዓይን አለኝ' በያቸው።"

"አቶ ቢተው፣ አቶ ደምስ ዓይን አላቸው።"

"'እንግዲያው ያጽድቁ' በያቸው።"

እዚህ ላይ ቃል ማሻገሬን ትቼ የራሴን ጨመርኩ። "ጌታዬ፣ ፊልሙ ስልኩ ውስጥ አይደለም። ደመና ላይ ነው ያለው። የሚመዘነው ደመናው ነው።"

አቶ ቢተው ወደ ላይ አዩ። "ዛሬ ደመና የለም።"

"እስኪመጣ ብንጠብቅስ?"

"ባለፈው ክረምት ደመና ጠብቀው የሄዱ አሉ" አሉ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩት። "እውን ገዝታችሁታል?"

"ይኸው 'ገዝተዋል' ይላል።"

"እሺ፣ ክብደት ከሌለው ውስጡ የሆነ ነገር መኖሩን በምን አውቃለሁ? አሳዪኝ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። በዚያ ሚዛን ላይ "አሳዪኝ" ተብሎ አያውቅም። እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ስለ ወፎች ነው ጌታዬ" አልኩ። "ደግሞ በጣም ይረዝማል። መነጽር ያደረጉ ሰዎች ናቸው የሚያወሩት፤ ማንም አላመናቸውም።"

አቶ ቢተው አላመኑኝም። አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ተጫኑት። ባለእጅ ናቸዋ! ፊልሙ ካቆምኩበት ቀጠለ። ያቆምኩት ደግሞ ኮንጎውን ደጋግሜ ሳይ ከገደሉ ትንሽ መለስ ብዬ ነው።

ሁለቱ ልጆች መጡ።

አቶ ደምስ ሰማዩን ማየት ትተው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ከዚያ ሌላ። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ፊልሙ ውስጥ ልጆቹ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ሹሞቹም ወደ ግራ አዘነበሉ። ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ። ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ ሮጠ፤ ገደሉ ብቅ አለ። ጎኔን ዞሬ ሳይ እትዬ የራሷን እግር ቀሚሷ ሥር ደብቃ ዓይኗን ጨፍናለች። የጠረጴዛው ጥግ ታየኝ። የኮንጎው ጫፍ ብቅ ሊል ነው።

ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

"ውድ የደሴታችን ነዋሪ፣ ይህ ፊልም በአካባቢዎ መታየቱን አቁሟል። ስለ ወፎች ብዙ ሌሎች ፊልሞች አሉን።"

ያንን ሱቅ ያን ጊዜ ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር።

ከዚያ አቶ ደምስ "ጨምቀኸው ነው" አሉ።

"አቶ ቢተው፣ አቶ ደምስ 'ጨም...'"

"ሰምቻለሁ!" አሉ አቶ ቢተው። "ጠምዝዘኸው ነው!"

"ክንዴ ቀጥ ብሎ አላየህም?"

"ጣቴ ላላ ብሎ አላየህም?"

"ያንተ ጣት መቼ ላላ ብሎ ያውቃል፣ ገብጋባ!"

"ገብጋባ? ሳህኑን የሚጠርገው ማን ነበር?"

ሁለቱ ሹሞች ያለ ሰው ድልድይ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው በሕይወት ጥቂት ነበር። እኔ መሀላቸው ሥራ ፈትቼ ቆሜአለሁ። ያን ጊዜ እትዬ ዓይኗን ገለጠች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንቱታውን ተወችው።

"አንተ ደምስ! አንተ ቢተው! ምን ያስጮኻችኋል? ማሽኑ እንዳለ ነው። ጆይስቲኩም ያው ነው። ማን እንዳጠፋ ማወቅ ከፈለጋችሁ መጥታችሁ እዩት። ቤቱ እንደሆነ እስኪፈርስ አለ።"

ሹሞቹ ተያዩ። ከዚያ ሄዱ፤ ጎን ለጎን፤ ሕዝቡም ከኋላ። በራችን ላይ አቶ ደምስን የሆነ ነገር ጠለፋቸውና በአፍጢማቸው ሊደፉ ሲሉ አቶ ቢተው ክንዳቸውን ያዙ።

"ይሄን ገመድ እዚህ የወጠረው ማነው?" ብለው ጮኹ አቶ ደምስ።

ራሳቸው ፈትተው ጠቀለሉት።

ዱካው ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ጆሯቸው ደረሰ። ጆይስቲኩን ለሁለት ያዙ። መጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ። ጣት ወፍሯል፣ ዓይን ደክሟል። እንደገና ወደቁ። "ልምምድ ያስፈልጋል" አሉ አቶ ቢተው። "ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቱ ማስረጃ ነው" አሉ አቶ ደምስ። "መንገዱ ለጊዜው ይዙር።"

እንደዚህ ነው መንገዳችን የዞረው። ለመዞር ደግሞ ከሩቅ መጀመር ስለነበረበት ጥቁር ሰሌዳውንም ለቀቀው። ስድስተኛ ክፍልን መልሰው ሊሠሩት ነው ይባላል። ከገባሁ ከክፍሉ ረጅሟ እኔ ነኝ፤ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ችግር የለም። እንግዶች መንገዱ እዚህ ጋ ለምን እንደተጠማዘዘ ሲጠይቁ "ሁለት ሰዎች ገደል እየተሻገሩ ነው" እንላቸዋለን። ቀና ብለው ተራራ ይፈልጋሉ።

ሁለቱ ከሥራ በኋላ ይመጣሉ። ጣታቸው ተፍታቷል። ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከእትዬ ሳህን አብረው ይበላሉ። ባለፈው ሲወጡ አቶ ደምስ "ነገ እንገናኝ" ሲሏቸው ሰማሁ፤ ማንም አላሻገረላቸውም።

አሁን አሁን ገደሉ ድረስ ይደርሳሉ። ሲደርሱ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ ሊዘል ጎንበስ ይላል። እኔ ያን ጊዜ ስክሪኑን አላይም። የጠረጴዛውን ሥር ነው የማየው። ኮንጎው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ድርግም።

"ጨመቅከው!"

"ጠመዘዝከው!"

"ስመኝ፣ ሽሮዋን እይልኝ" ትላለች እትዬ። ምድጃው ላይ ምንም የለም። ሄጄ አይቼ እመለሳለሁ። "ደህና ናት" እላታለሁ።

በቀደም ግን እግሯን ከጠረጴዛው ሥር መልሳ ስታወጣ ጉልበቷን ይዛ "እህ" አለች። አርጅታለች። ሁለቱ ደግሞ በየቀኑ እየፈጠኑ ነው።

ስለዚህ ገበያ ወረድኩና በልኬ ኮንጎ ጫማ ለካሁ።

"ሸጠህልኝ ስታበቃ መልሰህ ትወስደዋለህ?" ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት።

"አብደሻል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?" አለኝ።

ገዛሁት።